«ፍንጭቴ እየሰፋ ነው፣ ላዘጋው ወይስ ልተወው?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን ስጽፍ ምን አይነት ችግር ነው ይሄ ደሞ የሚለኝ ሰው ይኖራል፣ ግን እኔ እንቅልፍ እስከማጣት ደርሻለሁ። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ተወልጄ ያደኩት ደሴ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነኝ ማለት ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ፍንጭት ነኝ። እናቴም ፍንጭት ነበረች፣ ድዷን የተነቀሰች፣ ስትስቅ ሰው ዞሮ የሚያያት። ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ዘመድ ሁሉ «ጥርስሽ ቁርጥ እናትሽን» ይለኛል እኔም እኮራበት ነበር። ባለቤቴም መጀመሪያ ልቡን የወሰደው ፍንጭቴ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ችግሩ የመጣው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ፍንጭቱ እየሰፋ መጣ፣ አንደኛው የፊት ጥርሴ ደሞ ትንሽ ወደ ፊት የወጣ ይመስለኛል። የድሮ ፎቶዬን ሳይ ሌላ ሰው ነኝ። ሥራ ቦታ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ለምጃለሁ። ስቦርሽ ይደማኛል ግን እሱ ከእርግዝናው ጀምሮ ስለሆነ ልጅ ካልሲየም ይወስዳል ሲሉኝ ትቼዋለሁ። ከታች በኩል ሁለት የመንጋጋ ጥርስ አስነቅያለሁ፣ አላስተካኋቸውም።

የባለቤቴ እህት አሜሪካ ነው ያለችው፣ ጥር ላይ ለሰርጓ ትመጣለች። «እዚህ ማንም እንዲህ አይተወውም፣ ብሩን እኔ እልክልሻለሁ ከሰርጉ በፊት ቬኒር፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ሽፋን፣ ተሰሪ፣ ፎቶ ነው ዕድሜ ልክ የሚቀረው» ትለኛለች። ባለቤቴ ደሞ «ከነካሽው እኔ አላውቅሽም» ይላል፣ እየቀለደ ነው ግን ከልቡም ነው። ቲክቶክ ላይ በላስቲክ ሲዘጉት አይቼ ማታ ማታ አስሬ ሞክሬ ሲያመኝ ተውኩት። በዚህ መሃል የ8 ዓመት ልጄ የሷም የላይ ጥርስ ክፍት ነው፣ ባለፈው «እማዬ እኔም ስስቅ አፌን ልያዝ?» አለችኝ። የዛን ቀን መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ብዘጋው የእናቴን ነገር የጣልኩ መስሎ ይሰማኛል፣ ብተወው ደሞ እያፈርኩ ልኖር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍንጭቷ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

እናትሽን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ እና መጀመሪያ ላይ «ምን አይነት ችግር ነው ይሄ ደሞ የሚለኝ ሰው ይኖራል» ያልሽውን እኔ አልልሽም። ሰው ፊቱን በመስታወት ሲያይ እናቱን የሚያይበት ነገር ሲለወጥበት፣ እሱም ካረፈች ብዙ ሳይቆይ፣ እንዴት ቀላል ይሆናል? ልጅሽ የጠየቀችሽ ቀን ያለቀስሽውም ለጥርሱ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ግን መዝጋትና መተው የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ የሰጡሽ ፍንጭት የቱ ነው? ያ በድሮ ፎቶሽ ላይ ያለው ነው አይደል? ይሄ ከሁለተኛ ልጅሽ ወዲህ እየሰፋ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ስለሆኑ አንድ መስለው ታዩሽ እንጂ ምንጫቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝም ቬኒሩ ወይ ሰርጉ ሳይሆን በአንድ አረፍተ ነገር ያለፍሻት ስቦርሽ ይደማኛል ያልሽው ነው።

ከተፈጥሮ ያለው ፍንጭት በሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ መንጋጋው ሰፋ ብሎ ጥርሶቹ ደሞ አነስ ሲሉ ቦታ ይተርፋል፣ ይሄ በዘር የሚሄድ ነገር ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ። አንዳንዱ ላይ ደሞ የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ አለ፣ በምላስሽ ብትፈልጊው ታገኚዋለሽ፣ እሱ ወፈር ብሎ ዝቅ ብሎ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ሲገባ ይለያያቸዋል። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ቀጥሎ ያሉት ትናንሽ ሲሆኑ ወይም ጭራሽ ሳይበቅሉ ሲቀሩ፣ ወይ ድድ ውስጥ ተጨማሪ ጥርስ ተደብቆ ሲኖር፣ ወይ ሰው ሲውጥ ምላሱን ወደ ፊት የሚገፋ ከሆነ፣ ወይ ጣት መጥባት ዘግይቶ የተወ ልጅ ከሆነም እንደዛው። እንዲህ ያለው ክፍተት በራሱ ጥርስ አያበላሽም፣ እንዲያውም ሰፋ ያለ ክፍተት ተጨናንቆ ከተነባበረ ጥርስ ይልቅ ለማጽዳት ይቀላል። ጠበብ ያለው ነው የሥጋ ክር የሚይዘውና ሲጎረጉሩት ድዱን የሚያቆስለው። «ሰ» እና «ዘ» ሲሉ ትንሽ ፉጨት የሚያሰማባቸውም አሉ። ከዛ ያለፈ ነገር ከሌለው የውበት ጉዳይ ነው፣ በኛ አገር ደሞ ውበትነቱን ላንቺ መናገር አያስፈልገኝም።

በትልቅነት እየሰፋ የሚመጣ ክፍተት ግን መልእክት ነው። ጥርስ ዝም ብሎ አይሄድም እህቴ። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለው የድድ በሽታ ነው፣ በጥርሱና በድዱ መሃል የሚጠራቀመው ቆሻሻ እየጠጠረ ድዱን ያስቆጣዋል፣ ድዱ ይደማል፣ ሲቆይ ደሞ ጥርሱን የያዘው አጥንት ከላይ እየተበላ ይሄዳል፣ ያኔ ጥርሱ አፈሩ እንደተሸረሸረበት ምሰሶ ይሆናል፣ ምላስ ሲገፋው ንክሻ ሲያርፍበት ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወጣል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ክፋቱ ይሄ ሁሉ ሲሆን አያምም። የጥርስ ቀዳዳ ቢሆን ሌሊት አስነስቶ ሐኪም ቤት ይወስድሽ ነበር፣ የድድ በሽታ ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ያንቺ እሱ ነው ብዬ መናገር አልችልም፣ ግን መድማቱ፣ አንዱ ጥርስ ወደ ፊት መውጣቱና መስፋቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ዝም ብሎ የሚተወው ነገር አይደለም።

ካልሲየሙን ልጁ ወሰደው የሚባለውን ተይው። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። እርግዝና ላይ የሚሆነው ሌላ ነው፣ በሆርሞኑ ምክንያት ድድ ለትንሹም ቆሻሻ ከወትሮው በላይ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል፣ ከወሊድ በኋላ ደሞ መብረድ ነበረበት። ያንቺ ግን ይሄው እስካሁን አልበረደም። ያስነቀልሻቸው ሁለት የመንጋጋ ጥርሶችም ነገሩን ሊያባብሱት ይችላሉ፣ ከኋላ የሚያኝክ ጥርስ ሲጎድል ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያዘማሉ፣ የንክሻው ጫና ደሞ እየዞረ ወደ ፊት ጥርሶች ይመጣል፣ እነሱ ለዛ የተሰሩ አይደሉም።

አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ካስከፋሽ ይቅር በይኝ። እናትሽ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥርሳቸው ተነቃንቆ ነበር? ስኳር ነበረባቸው? የምጠይቅሽ ያለምክንያት አይደለም፣ ለድድ በሽታ ቶሎ መጋለጥ ራሱ በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ስኳር ደሞ ከድድ ጋር ቀጥታ ግንኙነት አለው፣ ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፣ የተጎዳ ድድ ደሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከቤተሰብሽ ውስጥ ስኳር ያለበት ካለ በዚሁ አጋጣሚ በባዶ ሆድ ተመርመሪ፣ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ነገር ነው።

ላስቲኩን በተመለከተ ግን ቆጣ ብዬ ልናገርሽ፣ ዳግመኛ እንዳታስሪው። የፊት ጥርስ ጫፉ ሰፊ ነው፣ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ስለዚህ የታሰረው ላስቲክ አንቺ ተኝተሽ እሱ ወደ ቀጭኑ እየተንሸራተተ ድድ ስር ይገባል፣ እዛ ውስጥ ተደብቆ ጥርሱን ከአጥንቱ የሚያያይዘውን ነገር እየቆረጠ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የፊት ጥርሳቸውን ሁለቱንም ያጡ ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ላይ ተመዝግበዋል። ያሰርሻቸው ላስቲኮች ጠዋት ጠዋት በሙሉ ወጥተዋል? አንድም እንኳን የት እንደገባ የማታውቂው ካለ ሳታፍሪ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ላስቲክ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል አንቺ ካልነገርሽው አይፈልገውም። ቪዲዮው ላይ ያለችዋ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርሷ ምን እንደሆነ ማንም ተመልሶ አያሳይሽም።

እና የመጀመሪያው ቀጠሮሽ የቬኒር ሳይሆን የድድ ይሁን። የመንግሥት ሆስፒታል የጥርስ ክፍልም ይሁን የግል ክሊኒክ፣ ዋናው ነገር ድድሽ ይለካ። በቀጭን መለኪያ በድድና በጥርስ መሃል ያለውን ጥልቀት በሚሊሜትር ያዩታል፣ ጤነኛው ከ1 እስከ 3 አካባቢ ነው፣ 4 እና ከዛ በላይ ሲሆን መታከም ያለበት ቦታ አለ ማለት ነው። ራጅም ይነሳል፣ አጥንቱ የት እንዳለ የሚታየው በሱ ነው። ከዛ የጥርስ እጥበቱ ይመጣል፣ ካስፈለገ ከድድ ስር ጭምር፣ ከ2 ወይ ከ3 ወር በኋላም ተመልሰሽ ድጋሚ ይለካል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ እንዳትደነግጪ፣ ከታጠብሽ በኋላ ክፍተቱ የባሰ የሰፋ ሊመስልሽ ይችላል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽና መሃሉን የሞላው የጠጠረ ቆሻሻ ሲነሳ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ብዙ ሰው «ጥርሴን አሳጥቤ አነቃነቁብኝ» የሚለው ይሄንን አይቶ ነው፣ ማጠቡ ግን አላነቃነቀውም፣ የተነቃነቀውን ነው የገለጠው።

እስከዛው ደማኝ ብለሽ መቦረሽ እንዳታቆሚ። ሰው ሲደማው ያን ቦታ ይሸሸዋል፣ ቦታው ደሞ ባልተነካ ቁጥር የባሰ ይቆጣል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ፣ ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገሽ፣ በጥርሶችሽ መሃል ደሞ በጥርስ ማጽጃ ክር ወይም በትናንሾቹ የመሃል ብሩሾች። መፋቂያ የምትወጂ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጫፉን በደንብ አኝከሽ አለስልሺው እንጂ አትተይው፣ ግን በጥርስና በጥርስ መሃል እሱ አይገባም።

አሁን ወደ ልብሽ ጥያቄ ልምጣ። አንቺ የምታውቂው ሁለት መንገድ ነው፣ ዘግቶ መገላገል ወይ እያፈሩ መኖር። እኔ ሦስተኛ ያለ ይመስለኛል። ድድሽ ከዳነ በኋላ የጥርስ ማስተካከያ ስፔሻሊስት ጥርሶቹን በብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ በሚታሰረው ሽቦ፣ ወደ ድሮ ቦታቸው መልሶ እዛ ላይ ማቆም ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋው፣ ማለትም የድሮ ፎቶሽ ላይ ያለውን ፍንጭት መልሰሽ ልታገኚው ትችያለሽ። እስኪ ለብቻሽ ቁጭ ብለሽ አስቢው፣ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረው ፍንጭትሽ ነገ ጠዋት ቢመለስልሽ አፍሽን ትሸፍኝ ነበር? መልስሽ «አልሸፍንም» ከሆነ አንቺን ያሳፈረሽ ፍንጭት መሆንሽ አይደለም ማለት ነው፣ ያልታከመ ነገር ነው። «እሱም ቢሆን ሰልችቶኛል» ካልሽም ያንቺ ጥርስ ነው፣ መዝጋት መብትሽ ነው፣ እናትሽን መጣልም አይሆንም። ሳቅሽ፣ አነጋገርሽ፣ አይንሽ፣ እሳቸው ብዙ ቦታ ላይ ነው ያሉት።

መዝጋቱን ከመረጥሽ መንገዶቹ እኩል አይደሉም። ብሬስ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል፣ የፊት ክፍተት ደሞ ተመልሶ መከፈት ይወዳል፣ ስለዚህ ከኋላ በኩል የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ወይም ማታ ማታ የሚደረግ፣ ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ሪቴይነር ለረጅም ጊዜ ያስፈልግሻል፣ ግን ጥርስሽ ጥርስሽ ሆኖ ይቀራል። በኮምፖዚት፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ፣ መሙላት ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥርሱን መሞረድ አያስፈልገውም፣ ሲያስጠላሽም ይነሳል፣ ችግሩ ቡና ያቀልመዋል፣ ይሸረፋል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መታደስ ይፈልጋል፣ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ደሞ ሁለቱ ጥርሶች ሰሌዳ ያህል ይሆናሉ። ቬኒር ብዙውን ጊዜ የጥርሱን የላይ ሽፋን መሞረድ ይፈልጋል፣ የተሞረደው ሽፋን ደሞ ተመልሶ አይበቅልም፣ ዕድሜ ልክሽን በየጊዜው እየተቀየረ የሚኖር ነገር ነው። እየተንቀሳቀሰ ባለ ጥርስና በሚደማ ድድ ላይ ከነዚህ የትኛውም አይሰራም፣ በተለይ በታመመ ድድ ላይ ብሬስ ማሰር የቀረውን አጥንት ነው የሚጨርሰው። ሐኪሙ ድድሽን ሳይለካ «ነይ ነገ እንሰራልሻለን» ካለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ከመወሰንሽ በፊት ደሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፣ ኮምፖዚቱን ሳያጣብቁ እንዲሁ ለሙከራ አስቀምጠው ሊያሳዩሽ ይችላሉ፣ ከዛው ወዲያው ይነሳል። በመስታወት እዪው፣ ሳቂ፣ አውሪ፣ ፎቶ ተነሺ። የተዘጋ ጥርስሽን አይተሽ «ይቺ እኔ አይደለሁም» ልትዪ ትችያለሽ፣ ወይም ደሞ ደስ ሊልሽ ይችላል፣ ሁለቱንም ከመሞረዱ በፊት ማወቅ ነው የሚሻለው።

ባለቤትሽን ቁጭ አድርገሽ አናግሪው፣ «ልዘጋው ነው» ወይ «አልዘጋውም» በሚለው ግን አትጀምሪ፣ እሱ ላይ ከጀመርሽ ቀልዱን ደግሞ ያልፈዋል። «እየደማኝ ነው፣ ጥርሴ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ አብረኸኝ ሐኪም ቤት ሂድ» በይው። እኔ እንደምገምተው አፍሽን እየሸፈንሽ መዋልሽንም ሆነ መድማቱን በደንብ አያውቅም። ፍንጭትሽን የሚወድ ሰው ጥርስሽ እንዲወድቅ አይፈልግም። የእህቱንም ልብ አትግፊው፣ በመውደድ ነው፣ ግን ቀኑን የሰርግ ካርድ ሊወስንልሽ አይገባም። «ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሐኪም ጋ ሄጄ ድዴን መታከም አለብኝ፣ መርዳት ከፈለግሽ በዛ እርጂኝ፣ ቬኒሩን ከዛ በኋላ አያለሁ» ብለሽ ጻፊላት። ጥር ላይ ደሞ ድድሽ ካበጠበት በርዶ፣ መድማቱ ቆሞ ከተገኘሽ ለፎቶውም እሱ ትልቅ ነገር ነው።

ልጅሽስ? የሷ ነገር ከሁሉ ይቀላል። 8 ዓመት ላይ የላይ የፊት ጥርሶች ክፍት ሆነው መውጣታቸው የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜ 11 እና 12 ዓመት አካባቢ ክራንቻዎቹ ሲወጡ እየገፉ ያቀራርቧቸዋል። ስለዚህ አሁን ምንም አታሰሪላት፣ ለመደበኛ ምርመራ ስትወስጃት ብቻ ይዩላት፣ ክራንቻው ወጥቶ አሁንም በጣም ሰፊ ከሆነ ያኔ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ወይ ደሞ እንደ አያቷና እንደ እናቷ ፍንጭት ሆና ትቀራለች። ጥያቄዋን ግን ሳትመልሺው አትተይ፣ አላለፈም። «አይ የኔ ልጅ፣ እኔ አፌን የምይዘው ድዴን ስላመመኝ ነው፣ ልታከም ነው፣ አንቺ እንደፈለግሽ ሳቂ» በያት፣ እውነትም ነው። የአያቷን የወጣትነት ፎቶም አሳያት።

ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ብዙ ሰው ስለሚጨናነቅ ቃላት ይጠፋል፣ ስለዚህ ይሄን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ሂጂ። «ፍንጭቴ የተፈጥሮ ነው፣ ግን ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሰፍቷል፣ አንዱ ጥርስ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ስቦርሽ ይደማል፣ ከታች ሁለት መንጋጋ ተነቅሎልኛል፣ በላስቲክ አስሬም ነበር። ድዴ እንዲለካልኝና ራጅ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ፣ ስለማሳመሩ ከዛ በኋላ እንነጋገራለን።» የድሮ ፎቶሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ጥርስሽ የት እንደነበረና ምን ያህል እንደሄደ ከሱ በላይ የሚነግራቸው የለም። ውጤቱን ስታውቂ ጻፊልኝ፣ ሕክምናውን የትኛውን ማስቀደም እንዳለብሽ ግራ ከገባሽም እንደዛው።